29 ሰው የገደለው ነፋሱ ብቻ አይደለም

ኢሊኖይ፣ ዊል ካውንቲ፣ ከቺካጎ ወጣ ያለች የፕሌንፊልድ ከተማ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1990፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ቶርኔዶ ገባባት። ዝናብ ሸፍኖት ስለነበር መምጣቱን ያየ ጥቂት ነው። የከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አፈራረሰው። 29 ሰው ሞተ፤ ወደ 350 ቆሰለ።

ሳይረን? ከመድረሱ በፊት አልጮኸም። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱም የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ከተማዋ ከፈረሰች በኋላ ነው።

«የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚሉ አሉ። ለባለሥልጣን የሚመች ሰበብ! በጁን 2021 ጎረቤቷን ዱፔጅ ካውንቲን ቶርኔዶ የመታት በሌሊት ነው። እርግጥ የፕሌንፊልዱ አምስተኛ ደረጃ፣ ይሄኛው ሦስተኛ ነበር። ግን ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደረሰ፤ ሰው ምድር ቤት ገባ፤ ቤቶች ፈረሱ እንጂ እንደዚያ ያለ እልቂት አልሆነም። በመካከሉ ዶፕለር ራዳር ተተክሏል፤ እዚያው ዊል ካውንቲ፣ ሮሚዮቪል ላይ የትንበያ ቢሮ ተከፍቷል። ገንዘብና ባለሙያ ማለት ይሄ ነው።

በ2025 ዋሽንግተን ከዚሁ መሥሪያ ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀነሰች። ቁጠባ ነው አሉ። በ1990 ወደ 4,500 ሰው ይኖርባት የነበረችው ፕሌንፊልድ ዛሬ ከ44,000 በላይ ነዋሪ አላት።