የአእምሮ ሕመም በምን ይታወቃል

እግሩ የተሰበረውን ሰው ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፤ ትኩሳት የያዘውም ግንባሩ ሲዳሰስ ይታወቃል። የአእምሮ ሕመም ግን ለዐይን ስለማይታይ፥ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ሰነፍ ወይም ኵሩ እየተባለ ይኖራል። ስለዚህ ከነዚህ ሕመሞች አንዱ የሆነው ድብርት እንዴት እንደሚለይ ለመግለጥ አሰብን።

ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ዘመድ የሞተበት ቢያለቅስ፥ ከሹመቱ የተሻረ ቢተክዝ የሰው ጠባይ ነው። ሐኪም ድብርት ነው የሚለው፥ ሐዘኑ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረውን ነገር መጥላቱ ከ2 ሳምንት ሳያንስ ዕለት ዕለት የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲይዝ ነው። ከዚህም ጋራ የእንቅልፍና የምግብ መለወጥ፥ ድካም፥ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፥ ያለ በደል ራስን መውቀስ፥ ሞትን መመኘት ይገኛሉ። ከነዚህ አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ባንድነት ሆነው ኑሮን ሲያውኩ ነው እንጂ።

በአገራችን ሕመምተኛው «አዘንሁ» በማለት ፈንታ «ራሴን ያቃጥለኛል» ማለቱ የተለመደ ነው። የደም ማነስና በአንገት ያለችው ዕጢ መድከም ድብርትን ሊመስሉ ስለሚችሉ፥ ሐኪሙ ሰውነቱንም ይመረምራል። ነገር ግን ድብርትን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም፤ የሐኪሙ ዋና መሣሪያ ጥያቄ ነው።

ከጥያቄዎቹም አንዱ እጅግ የከበደ ነው፤ ይኸውም «ከዚህ ቀደም ሳይተኛ የማይደክም፥ ንግግሩ የማይቆም፥ ገንዘቡን ያለ ልክ የሚበትን ሆኖ የሰነበተበት ጊዜ ነበረን?» የሚል ነው። ነበረ ከተባለ ሕመሙ ሌላ ነው፤ ለድብርት የሚሰጠውም መድኃኒት ለብቻው ቢሰጥ ያንን ግለት ሊቀሰቅስ ይችላል። ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም (1856–1926 እ.ኤ.አ.) የየበሽተኛውን ነገር በካርድ እየጻፈ፥ ሕመሙ በዓመታት ውስጥ የሄደበትን መንገድ ይከታተል የነበረው ሕመሞቹን ለመለየት ነው።

ሕመምተኛው ግን ያን ጊዜ የጤናውና የብርታቱ ዘመን አድርጎ ስለሚቈጥረው ላይናገረው ይችላል። የሚያውቁት ሚስቱ፥ እናቱ፥ ወንድሙ ናቸው። ስለዚህ ቤተ ሰብ ለውጡ መቼ እንደ ጀመረ፥ እንቅልፉ፥ ምግቡ፥ መጠጡ እንዴት እንደ ሆነ ጽፎ፥ ሕመምተኛውም ሲፈቅድ አብሮት ይሂድ። ሞትን እንደ ተመኘም በርኅራኄ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ተመኝቻለሁ ካለም ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ስለ ቤት ክብር ብሎ ዝም ማለት ክብር አይደለም፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና።