ሮቦቱ አይሳሳትም?

«ቲቸር፣ በሮቦት የሚቀዳ ፈሳሽማ አይሳሳትም» ለምትሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ፦ ቀስ በሉ!

አኩሬሲና ፕሪሲዥን ተምረናል አይደል? 100 ማይክሮሊትር የታዘዘ ሮቦት 97፣ 97፣ 97 ቢያወጣ ፕሪሲዥኑ ግሩም ነው፤ አኩሬሲው ግን የለም። መቶ ጊዜ ብታስደግሙትም ያው 97 ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታማ ከዚያም ትበልጣለች። የአየር ግፊታችን የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ፒፔቶች ፈሳሽ የሚስቡት በአየር ነው (በፈሳሽ የሚሠሩትን አይመለከትም)። ግፊቱ ሲቀንስ በፒስተኑና በፈሳሹ መሀል ያለው አየር ይበልጥ ይለጠጣል፤ የሚገባው ፈሳሽ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ካሊብሬት የተደረገ ማሽን እዚህ መጥቶ ሳይደክም ያጎድላል ማለት ነው።

3 ከመቶ ምን አላት? አንድን ናሙና ደጋግማችሁ ስታቀጥኑ ጉድለቱ በየደረጃው ይጠራቀማል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቁጥር ደግሞ የአንድ ታማሚ ውጤት ነው።

ስለዚህ የፋብሪካው ሰርተፊኬት አይበቃም ባይ ነኝ። ከሮቦቱ ጋር ጥሩ ሚዛን ይገዛ። ንጹህ ውሃ አስቀዱትና መዝኑት፤ 20 ዲግሪ ላይ 1 ሚሊ ሊትር 0.998 ግራም ነው። ላብ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ርክክቡን ሳትፈርሙ፣ ማሽኑን የሚተክለው ኢንጅነር ሳይሄድ አድርጉት። ከሄደ በኋላ ማን ይመልሰዋል?