ጆሮዬን ለአደባባይ ማን ሰጠው?

«የምደብቀው ከሌለኝ፣ ምን እንደምሰማ ቢታወቅ ምን ቸገረኝ?» የምትሉ አላችሁ። አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ስፖቲፋይ ከፌስቡክ ጋር ሲጣመር፣ ሰው የከፈተው ዘፈን ወዲያው ለፌስቡክ ጓደኞቹ ይታይ ጀመር። ቅሬታው ሲበዛ በቀናት ውስጥ «በግል ማዳመጥ» የሚል ምርጫ ተጨመረ። ልብ በሉ፦ መጋለጥ እንዲሁ ይመጣል፤ ለመደበቅ ግን ሥራ አለው።

ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ይፋ ይሁን ወይስ ግል የሚለው ኮድ ውስጥ አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። «ዲፎልቱ ነው» ሰበብ አይሆንም፤ ዲፎልትን የሚጽፈው ሰው ነው። ብዙው ተጠቃሚ ሴቲንግ እንደማይነካም እናውቃለን። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 25ም ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው በቀር የግል መረጃው ላልታወቀ ሕዝብ ክፍት እንዳይሆን ያዛል።

«ዘፈን ደግሞ ምን ምስጢር አለው?» እንዳትሉኝ። እኛ አገር ከዘፈኑ ቋንቋ ብሔር፣ ከመዝሙሩና ከመንዙማው ሃይማኖት ይነበባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥሬ የተደጋገመ ትዝታ ደግሞ የልብን ስብራት ያወጣል። እንጉርጉሮ ለብቻ የሚዜመው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዘግታችሁ ሥሩት። የፈለገ ራሱ ይክፈተው።