የጳውሎስ ልጅ ኮሎ ቱሬን የሚሆነው መቼ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ጳውሎስ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው የሚሰማው ክርክር ያው የአርሰናልና የማንቸስተር ነው። የመድፈኞቹ ደጋፊ የተከላካይ ወሬ ሲነሳ ኮሎ ቱሬን አይረሳም።

ኮሎ እ.ኤ.አ በ2002 ከአቢጃኑ አሴክ ሚሞዛ ለንደን ሲገባ የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቦታውም ገና አልለየም። አርሴን ቬንገር የመሐል ተከላካይ አደረጉት። በ2003/04 አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫውን ሲያነሳ ከሶል ካምቤል ጎን የቆመው እሱ ነው። በኋላም ለማንቸስተር ሲቲና ለሊቨርፑል ተጫውቷል።

ይሄ ዕድል ብቻ አይደለም። አሴክ ልጆችን ከታች ኮትኩቶ የሚያወጣ አካዳሚ አለው፤ ኮሎም የዚያ ፍሬ ነው።

ኢትዮጵያዊ ስም ያለው ተከላካይም በአውሮፓ ታይቷል። ቴዎዶር ገብረሥላሴ ከ2012 እስከ 2021 ለጀርመኑ ቨርደር ብሬመን ተሰልፏል። አባቱ ኢትዮጵያዊ ይሁኑ እንጂ እሱ ኳስን የተማረው ቼክ ነው፤ የለበሰውም የቼክን ማሊያ ነው። ከኢትዮጵያ ክለብ ተነስቶ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ተከላካይ ግን እስካሁን የለም።

እንግሊዝ የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ የተጫዋቹን ብሔራዊ ቡድን የፊፋ ደረጃ ታያለች። ዋሊያዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100ኛ በታች ናቸው። ስለዚህ በሩ የሚከፈተው ከታች ነው። ክለቦች ለአንድ ፊርማ ከሚያፈሱት ብር ጥቂቱን ለሰፈር ሜዳና ለታዳጊ አሰልጣኝ ያውሉት። ያኔ ዲኤስቲቪ ቤቱ የሚጮኸው ለሰው አገር ልጅ ብቻ አይሆንም!