በብቸናና በሞጣ መንገደኛ ወዴት ይብላ?

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ ስንቅ ጽፈን ነበር፤ በሶውም ጭኮውም ዳቦ ቆሎውም እንዴት ቢሰናዳ እንደሚበረክት ተናግረናል። ስንቅ ግን ያልቃል። ስንቁ ያለቀበት ሰው፣ ይልቁንም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚሄድ፣ በማያውቀው ከተማ ወዴት ገብቶ ይበላል? ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው፤ ለምሳሌም በምሥራቅ ጎጃም ያሉትን ብቸናንና ሞጣን እንወስዳለን።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሄደበት ሁሉ እነዚህን ሁለት ከተሞች ያውቃቸዋል። ሁለቱም ቀድሞ የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ፤ ብቸና ዛሬ የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሞጣም በሁለት እጁ እነሴ ምድር ያለች ናት። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ባለበት ስፍራ የሚበላ ሰው አይጠፋም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ምግብ ቤትን የሚያኖረው ፍርድ ቤት ነው። ገበያተኛ ሸጦ ገዝቶ በዕለቱ ይመለሳል፤ ባለጉዳይ ግን የጧቱ ቀጠሮ ወደ ከሰዓት በኋላ፣ የከሰዓት በኋላውም ወደ ነገ ሲተላለፍበት ሦስት ምስክር አስከትሎ ይሰነብታል። ምስክሮቹንም የሚያበላ እርሱ ነው። ምስክር ደኅና ከበላ ደኅና ይመሰክራል ብሎ የሚያስብ ባለጉዳይም አይታጣም፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ነገር ነው። እኛ በጽሕፈት ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች እንዳየነው፣ ለዳኝነት ከሚከፍለው ይልቅ ለምግብ የሚያወጣው የሚበልጥበት ገበሬ ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው ነገራችን ለሆዳም ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ።

በአገራችን እህልን በገንዘብ ገዝቶ በሰው ቤት መብላት የቆየ ልማድ አይደለም። የቀድሞ መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም ያስገባዋል፤ እግሩን አጥቦ ያለውን ያቀርብለታል። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፣ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ስለ ቈጠሩት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው እየገቡ እንዳስለመዷቸው ይነገራል። ይህ ኀፍረት በገጠር ሽማግሌዎች ዘንድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በሞጣ አንድ ሽማግሌ በመሬት ክርክር መጥተው፣ ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ከዛፍ ጥላ ተቀምጠው ቆሏቸውን ሲቆረጥሙ አይተናል። የቤቲቱ ባለቤት ወጥታ «አባባ፣ ፀሐዩ ነው፤ ይግቡ እንጂ» አለቻቸው። «ቤት አለኝ ልጄ፤ ሰው ቤት ምን ያስገባኛል» አሏት። «እንግዲያስ እንደ እንግዳ ይግቡ፤ የሒሳቡን ነገር ሲወጡ እንነጋገራለን» ብላ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ሲወጡም ከሌላው የወሰደችውን ያህል ወሰደች፤ ሽማግሌው ግን መርቀዋት ሄዱ።

እንዲህ ያለውን ቤት አስቀድሞ እንዴት ማወቅ ይቻላል? በአውሮፓ ለዚህ ጭንቀት መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል። ሚሽለን የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች የጎማ ሠሪዎች ነበሩና፣ ባለመኪና ርቆ ቢሄድ ጎማው ያልቃል፣ ጎማው ቢያልቅ ሌላ ይገዛል ብለው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 መንገደኛን የሚመራ መጽሐፍ አሳትመው በነጻ አደሉ። ከ1926 ጀምሮ ደግሞ መልካም ምግብ ለሚገኝባቸው ቤቶች የኮከብ ምልክት ይሰጡ ጀመር። መርማሪዎቻቸውም ስማቸውን ሳይገልጹ እንደ ማንኛውም በላተኛ ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው የሚወጡ ናቸው። ከፍለው መውጣታቸውን ልብ በሉልን። ለብቸናና ለሞጣ ኮከብ የሚሰጥ መርማሪ አልመጣም፤ ምስክር ግን አለ።

የመንገደኛ ሁሉ ልማድ ሾፌሩን መጠየቅ ነው። ሾፌር መንገዱን ያውቃል፤ ስለ ምግብ ግን ቃሉ መመዘን አለበት። አውቶቡሱን ከደጃፉ ስላቆመለት ሾፌሩንና ረዳቱን ያለ ዋጋ የሚያበላ ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለው ሰው በነገሩ ጥቅም ያለው ምስክር ነውና ቃሉ ብቻውን አይበቃም። የሚታመነው በኮንትራት የሚበላው ነው። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ያላገባ ዳኛም ቢሆን፣ የወሩን ተዋውሎ ምሳውንና ራቱን በአንድ ቤት ይበላል። ይህ ሰው የዚያችን ሴት ወጥ ሠላሳ ቀን ይቀምሰዋል፤ ቅቤው ቢሻግት፣ በርበሬው ቢያር፣ ውሃው ቢበዛ ያውቃል፤ ወሩ ሲያልቅም ያለ ጭቅጭቅ ቤት ይለውጣል።

ስለዚህ ወደ ከተማው ስትገቡ «ደኅና ሆቴል የት አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ፎቅ ወዳለበት ይመራችኋል። «አስተማሪዎቹ የት ይበላሉ?» በሉ። የሚጠቁሟችሁ ቤት ምናልባት ሰሌዳ የሌለው፣ ከደጃፉ መጋረጃ ብቻ የተንጠለጠለበት ይሆናል። በስድስት ሰዓት ተኩል ብትደርሱ ታገኛላችሁ፤ ስምንት ሰዓት ካለፈ ወጡ አልቋል። ወጡ ማለቁም ለቤቱ መልካም ምስክር ነው፤ ያደረ አያቀርቡምና።

ከተቀመጣችሁ በኋላ አስቀድማችሁ እንጀራውን ተመልከቱ። የብቸና አካባቢ የማኛ ጤፍ አገር ነው፤ እዚያ ያደገ ሰው በእንጀራ ነገር በቀላሉ አይታለልም። ነገር ግን የሚያሳዝነን አንድ ጉዳይ አለ። ምርጡ ማኛ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቍጥርም በአገሩ ላይ ያለችው ምግብ ሻጭ ሩዝ ወይም ማሽላ ትደባልቅበታለች። ድብልቁ ነውር የለበትም፤ ሩዝም ማሽላም የእግዚአብሔር እህል ነው። ነውሩ ድብልቁን በማኛ ዋጋ መሸጥ ነው። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ነጭነቱ ዓይን ይስባል፤ ዳሩ ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ሲጠቀልሉትም ይሰነጠቃል። ዓይኑ በደንብ የወጣና እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ እንጀራ ካገኛችሁ፣ ሊጡ ጊዜውን ጠብቆ የቦካ ነውና ወጡም በጥንቃቄ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ሽሮም አንድ ቃል እንጨምር። በዚያ መረሬ መሬት ላይ ሽምብራም ጓያም ይዘራል፤ ጓያ ርካሽ ስለ ሆነ ከሽሮ ጋር ይፈጫል። መንገደኛ አንድ ሁለት ቀን ቢበላው አይጎዳውም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን የሚያሽመደምድ ደዌ ያመጣል። የምናስበው ስለ በላተኛው አይደለም፤ ከበላተኛ የተረፈውን ዕለት ዕለት ስለሚመገቡት ስለ ምግብ ቤቱ ልጆች ነው። ምግብ ቤት ያላችሁ እናቶች፣ ለልጆቻችሁ የሽምብራውን ወይም የባቄላውን ለይታችሁ አስቀምጡላቸው።

በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ጊዜ፣ ጾመኛ «የጾም አለ?» ብሎ ብቻ አይተው። ድስቱና ጭልፋው የተለየ እንደ ሆነ፣ ዘይቱም የኑግ ወይስ ከውጭ የመጣ እንደ ሆነ ይጠይቅ። በኑግ ዘይት የተሠራ የጎመንና የድንች ወጥ ከተልባ ጋር ሲቀርብ፣ እኛ በበኩላችን ከሥጋው የምናስበልጥበት ቀን አለ። በፍስክ ቀን ሥጋ ለሚሻ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ስላለው፣ ሳያፍር የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ በዚህ የሚቀየም ባለቤት አላየንም።

ዋጋን ከመብላት በፊት መጠየቅ ስስት አይባልም። በተለይ ምስክር ያስከተለ ሰው ለስንት ሰው እንደሚከፍል አስቀድሞ ይነጋገር፤ በኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ ከዋናው ክርክር የከፋ ሲሆን አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ቤተ ሰብ ይዞ የሚነሣ ሰው የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ሳያጣራ አይውጣ። መንገድ በተዘጋ ቀን የምግብ ቤቷም ድስት ሳይነካ ያድራልና፣ በማግስቱ የገባ መንገደኛ «ይህ የዛሬ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ዶሮ ወጥ የሚያምራችሁ ከሆነ ደግሞ በምሳ ሰዓት ገብታችሁ አትዘዙ። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ፣ ዶሮውም ተገነጣጥሎ እስኪታጠብ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በግማሽ ሰዓት የሚመጣላችሁ ዶሮ ትናንት የታረደ ነው። ጧት ወደ ፍርድ ቤት ስትሄዱ በምግብ ቤቱ በኩል እለፉና «እትዬ፣ ለስምንት ሰዓት ለአምስት ሰው» ብላችሁ ቀብድ ስጧት። ቀጠሮው ቢተላለፍም ዶሮው ይጠብቃችኋል።