ኮዱን አታጥፉት

«ኮምፒዩተር ያለው መኪና ለቆላ አይሆንም» ሲባል ያልሰማ የመተማ መንገድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሹፌሩ ይለዋል፣ መካኒኩ ይለዋል፣ ሰሊጥ ነጋዴውም የጥገናውን ሒሳብ ከከፈለ በኋላ ይለዋል። እኔ አልስማማም። መኪናው እየተናገረ ነው፤ የሚለውን ሳንሰማ አፉን የምንይዘው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገንዳ ውሃ ሰሊጥ ጭኖ ወደ አይከል የሚወጣ ፒካፕ ዳገቱ መሃል ላይ ድንገት ጉልበቱ ይጠፋል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጠውም ዙሩ አንድ ቦታ ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች። ሞተሩ ራሱን ወደሚጠብቅበት ሁኔታ ገብቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በስፖርት መኪና የሚፈነጥዙ ልጆችም ይህን ያውቁታል፤ እነሱ ግን ዳር ይዘው ታክሲ ይጠራሉ። እገታ የሰርክ ወሬ በሆነበት መንገድ ላይ እየተጎተቱ ማምሸት ሌላ ነገር ነው።

«ከፍታው ነው» የሚሉም አሉ። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር አይሞላም፣ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ይሳሳበታላ። ይሄ ግን ቀስ እያለ የሚመጣ ድካም ነው፤ ምልክት አያበራም። ድንገት የመጣውና ዙሩን አንድ ቦታ ላይ ያሰረው ድካም አይደለም። ውሳኔ ነው።

ማን ወሰነ? ሶፍትዌሩ። የዛሬ ነዳጅ መስጫ ከሞተሩ ጋር በካቦ አልተያያዘም። ከፔዳሉ ጋር ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ ሁለቱም እግርህ ምን ያህል እንደረገጠ ለኮምፒዩተሩ ይነግራሉ። ቃላቸው ካልገጠመ ኮምፒዩተሩ ማንንም አያምንም፤ ሞተሩን በትንሽ ጉልበት ብቻ ያስኬደዋል። ሳትረግጠው ከሚፈተለክ መኪና ይህ ይሻላል። ይህን የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ኮምፒዩተሩ ሲወስን ምክንያቱንም ይጽፋል። ፒ2138 ካለ የፔዳሉ ሁለት ሴንሰሮች አልተስማሙም። ፒ0299 ካለ ቱርቦው የሚጠበቅበትን ግፊት አልሰጠም። ፒ0087 ካለ የነዳጁ ግፊት ወርዷል፤ ማደያ ጠፍቶ ከበርሜል ናፍጣ የቀዳ ሰው መጀመሪያ ፊልትሮውን ይይ። ከኮዱ ጋር ደግሞ ስህተቱ በተፈጠረባት ቅጽበት የነበረው የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት እንደ ፎቶ ተቀምጦ ይገኛል። ኮዱ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ፒካፑን እዚያው ቆላ አንድ ጋራዥ አስገባ። «ጋሼ፣ ኮዱ ምን ይላል?» ብዬ መካኒኩን ጠየቅሁት። «አጥፍቼዋለሁ፣ አታስብ ወንድሜ» አለኝ። ቱርቦ ተገዛ፣ ተገጠመ። በሦስተኛው ቀን ምልክቷ ተመልሳ በራች። ለካ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ጎማ ቱቦ ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቋል። ኮዱ «ግፊት የለም» አለ እንጂ «ቱርቦ ግዙ» አላለም! በእኛ ሙያ ሎጉን ሳያነብ የሚያጠፋ ሰው ማስረጃ አጠፋ ይባላል። ጋራዥ ውስጥ ሲሆን ጥገና ተብሎ ይከፈልበታል።

ሁሉንም መካኒኩ ላይ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው። ኮዱን የሚያነብ ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ በርካሽ ይገኛል፤ የጠፋው መጽሐፉ ነው። የትኛው ሽቦ ስንት ቮልት ማሳየት እንዳለበት የሚነግረው የጥገና ሰነድ አምራቹ ዘንድ ተቆልፎበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ አምራቾች መረጃውን ለግል ጋራዦችም እንዲሰጡ አስገድዷል፤ የማሳቹሴትስ ሕዝብም በ2012 ለዚሁ ድምፅ ሰጥቷል። እኛ መኪናውን እናስገባለን፣ ሰነዱን የሚጠይቅ የለም።

የድሮውን ካርቡራተር የሚናፍቁም ይስሙ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱም ባትሪው ሲግል ጉልበቱን የሚቀንስ፣ ከፒካፑ የባሰ ኮምፒዩተር ነው። ወደ መተማ ሲወርድስ ማን ሊያነብለት ነው?

ስለዚህ አስመጪው ከመኪናው ጋር የጥገና ሰነዱን እንዲያስገባ በሕግ ይገደድ። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ፍሬንና መብራት ሲታይ ኮዱም ይነበብ፣ ወረቀቱ ለባለመኪናው ይሰጥ። እስከዚያው ጋራዥ ስትገቡ መካኒኩ ቁልፉን ሳይጫን በፊት ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቅር ካለው ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።