«መጀመሪያ ልመረቅ»



በዶርማችን የኳስ ወሬ አይጠፋም። ተጫዋቹ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ምን በላ፣ ምን ሠራ ብለን ግን አንጠይቅም። ዛሬ የምናነሳው አላን ፔጅ የተጫወተው እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ሳይሆን፣ ሄልሜት አጥልቀው ሞላላ ኳስ ይዘው የሚጋፉበትን የአሜሪካ ፉትቦል ነው። (ሕጉ የገባው ካለ ያስረዳን።)

ፔጅ በ1945 በኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ ተወለደ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው። በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ በተከላካይነት ስሙ ገነነ፤ ቡድኑ በ1966 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲባል አብሮ ነበር። ተመርቆ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ገባ። በ1971 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ ከተከላካዮች የመጀመሪያው እሱ ነው። ሌላው ሰው እዚህ ላይ «በቃኝ» ይል ነበር።

እሱ ግን እየተጫወተ ሕግ ለመማር ተነሳ። መጀመሪያ የገባበትን ትምህርት ቤት በጥቂት ሳምንታት ትቶት ወጣ። ከዓመታት በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ጀምሮ በ1978 ተመረቀ፤ ኳስ ያቆመው ደግሞ በ1981 ነው። ግማሹ ዓመት ያለ ግጥሚያ ስለሚያልፍ ጊዜ ነበረው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያው ግማሽ ዓመት ግን ለቡድን ጓደኞቹም ነበራቸው።

ከዚያ ጠበቃ ሆነ፤ በግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም ሠራ። በ1992 ተመርጦ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ፤ ሕጉ በሚያዝዘው መሠረት በ70 ዓመቱ፣ በ2015፣ ወንበሩን ለቀቀ። በጨዋታ ተጎድታ ወደ ጎን የቀረችውን ትንሽ ጣቱን እንኳ ሥራ ፈት አላደረጋትም፤ ከልጁ ጋር የሕፃናት መጽሐፍ ጻፈባት።

እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ «መጀመሪያ ልመረቅ» የማይባልበት ነገር የለም። ቋንቋው፣ ንግዱ፣ ከመድረሳ ስንወጣ ያቋረጥነው ኪታብ፣ ሁሉም ለምርቃት ማግስት ተቀጥሯል። ቀድመውን የተመረቁ ወንድሞች ሥራ አጥተው ቤት ሲቀመጡ እያየን ነው። ዲዛይን ያውቃሉ፤ ዲዛይን የሚያሠራቸው ሲጠፋ ግን የሚይዙት ሌላ ነገር የለም። ይህ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ አራትና አምስት ዓመት ሙሉ ከውጤት ሌላ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው።

ፔጅ በ1988 ያቋቋመው ፋውንዴሽን ለተማሪዎች የትምህርት ድጎማ ሲሰጥ፣ ተረጂው በተራው ታናናሽ ተማሪዎችን እንዲረዳ ግዴታ ያስገባል። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ መድረሳ ሳለን ፊደል የለየው ያልለየውን ያስቀራ ነበር። ጀማዓችንም ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሚሰጠው ቲቶሪያል ይህንኑ ያድርግ እንላለን፦ ዘንድሮ ማትስ የተረዳ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጆች ይረከብ፤ ስሙም ከአሁኑ ይመዝገብ።